የእርሳስ ቧንቧን ፈልጎ የመቀየር ዘመቻ፦ የዋሽንግተንና የፍሊንት ተሞክሮ ሲመዘን

በጤና ሥራ ላይ የቆየ ባለሙያ ሁሉ የተሠራውን ሥራ መቁጠርና የተገኘውን ጤና መለካት አንድ እንዳልሆኑ ያውቃል። የታደለው የአልጋ አጎበር ብዛት፣ በአጎበር ሥር ያደሩትን ሕፃናት ቁጥር አይነግረንም። በሪፖርት ላይ የሚሰፍረው ግን ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ነው፤ ለመቁጠር ይቀላልና። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይኸው ስሕተት ከጤና ተቋም ውጭ፣ በከተማ የውኃ ቧንቧ ሥራ ላይ ያስከተለውን ጉዳት መመርመር ነው። ለዚህም በአሜሪካ የሚገኙት የዋሽንግተንና የፍሊንት ከተሞች ከእርሳስ የተሠሩ የመጠጥ ውኃ ቧንቧዎችን ለመለየትና ለመቀየር የሄዱበትን መንገድ እንመዝናለን። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ከአገር ውጭ ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እጅግ ብዙዎቹ የሰፈሩበት ስፍራ በመሆኑ፣ ጉዳዩ የእኛንም ቤተሰቦች ይመለከታል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ችግሩ የሚገኝበት ስፍራ

እዚህ ላይ እርሳስ የምንለው መጻፊያውን ሳይሆን ሊድ ተብሎ የሚታወቀውን ከባድ ብረት ነው። ለስላሳና በቀላሉ የሚታጠፍ በመሆኑ፣ አሜሪካ በ1986 ባወጣችው ሕግ እስክትከለክለው ድረስ፣ በመንገድ ሥር ያለውን ዋና መስመር ከየቤቱ ጋር ለሚያገናኘው ቀጭን ቧንቧ በብዙ ከተሞች አገልግሏል። ውኃው ከማጣሪያ ጣቢያው ሲወጣ ከእርሳስ ነፃ ሊሆን ይችላል። የሚበከለው በመጨረሻዎቹ ጥቂት ሜትሮች ላይ፣ ወደ ቤት በሚገባው ቧንቧ ውስጥ ነው። በመሆኑም አንዱ ቤት ሲመረዝ ጎረቤቱ ደኅና ሊሆን ይችላል። በውኃ ውስጥ የሟሟ እርሳስ ቀለምም፣ ሽታም፣ ጣዕምም ስለሌለው ቤተሰቡ በራሱ ሊያውቀው አይችልም።

ሕፃናት ከሚውጡት እርሳስ ወደ ደም የሚገባው ድርሻ ከአዋቂዎች የበለጠ ነው፤ በማደግ ላይ ያለው አእምሯቸውም ይበልጥ ተጎጂ ነው። በተለይ በቧንቧ ውኃ የተበጠበጠ የዱቄት ወተት ብቻ የሚመገብ ጨቅላ የሚደርስበት አደጋ ከፍተኛ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ክትትል ያስፈልገዋል ብሎ ያስቀመጠው የሕፃናት የደም እርሳስ መጠን እስከ 2012 ድረስ በዴሲሊትር 10 ማይክሮግራም ነበር፤ ከዚያ ወደ 5፣ በ2021 ደግሞ ወደ 3.5 ወርዷል። ጉዳት እንደማያደርስ የተረጋገጠ መጠን የለም።

ዋሽንግተን፦ ግማሽ ቧንቧ እንደ ሙሉ ሲቆጠር

በኖቬምበር 2000 የዋሽንግተን ውኃ አቅራቢዎች በመስመሩ ውስጥ ጀርምን ለመከላከል የሚቆየውን ክሎሪን በክሎራሚን ተኩ። ዓላማቸው በጎ ነበር፤ ክሎሪን በውኃው ውስጥ ካለ ብስባሽ ጋር ተገናኝቶ የሚፈጥራቸውን ጎጂ ውህዶች ለመቀነስ ነው። ይሁን እንጂ በአሮጌዎቹ ቧንቧዎች ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ለዓመታት የተጋገረውን የእርሳስ ዳይኦክሳይድ ሽፋን ሳይሟሟ ያቆየው ክሎሪኑ ነበር። ክሎሪኑ ሲነሣ ሽፋኑ መሟሟት ጀመረ። ሕዝቡ ጉዳዩን በስፋት የሰማው ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ በጃንዋሪ 2004 መጨረሻ ላይ ባወጣ ጊዜ ነው። ከ4,000 በላይ በሆኑ ቤቶች የተገኘው መጠን፣ ደንቡ እርምጃ እንዲወሰድበት ካስቀመጠው በሊትር 15 ማይክሮግራም የበለጠ ነበር። በዚያው ዓመት በቧንቧዎቹ ውስጥ መከላከያ ሽፋን የሚፈጥር ኦርቶፎስፌት መጨመር ተጀመረ፤ መጠኑም ከጊዜ በኋላ ቀነሰ።

የ1991 የፌዴራል ደንብ ከወሰኑ ያለፈ ከተማ በየዓመቱ ከእርሳስ መስመሮቹ 7 በመቶውን እንዲቀይር ያዝዝ ነበር። ሂሳችን የሚጀምረው ከዚህ ነው። ትእዛዙ በቁጥር የተነገረ በመሆኑ፣ ለቁጥሩ ማሟያ የሚሆኑ ሁለት ቀዳዳዎችን ትቶ ነበር። አንደኛው፣ ከአንድ መስመር የተቀዳ የውኃ ናሙና ከ15 ማይክሮግራም ካልበለጠ፣ ቧንቧው መሬት ውስጥ እንዳለ ሆኖ እንደተቀየረ ይቆጠር ነበር። ነገር ግን የእርሳስ መጠን እንደ ውኃው ሙቀት፣ እንደ ፍሰቱና ውኃው በቧንቧው ውስጥ እንደቆየበት ሰዓት ይለዋወጣል። የአንድ ቀን ናሙና ለአንድ ቧንቧ የዘላለም የጤና ምስክር ወረቀት ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው ቀዳዳ ከባለቤትነት ጋር የተያያዘ ነው። ወደ ቤት የሚገባው መስመር ከፊሉ የከተማው፣ ከፊሉ የባለቤቱ ንብረት ነው ስለተባለ፣ ከተማው የራሱን ክፍል ቆርጦ በመዳብ ሲተካ፣ ባለቤቱ ካልከፈለ የቀረው እርሳስ ባለበት ይቆይ ነበር። በዚህ ሁኔታ በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች በከፊል ብቻ ተቀየረላቸው። ቆረጣው በቧንቧው ውስጥ የተጋገረውን ሽፋን አናግቶ ቅርፍራፊውን ወደ ውኃው ይለቃል። አዲሱ መዳብና አሮጌው እርሳስ በውኃ ውስጥ ሲገናኙ ደግሞ እንደ ባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ፤ እየተበላ የሚያልቀውም እርሳሱ ነው። በ2011 የታተመ ጥናት በከፊል በተቀየረላቸው ቤቶች የሚኖሩ ሕፃናት ምንም ካልተቀየረላቸው የተሻለ ጥበቃ እንዳላገኙ አሳየ። በዚያው ዓመት የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቱ የሳይንስ አማካሪ ቦርድም ከፊል ቅየራ በአጭር ጊዜ የእርሳስን መጠን ለመቀነሱ መተማመኛ እንደሌለው ገለጸ። በሪፖርቱ ላይ የተመዘገበው ሥራ በሕፃኑ ደም ውስጥ አልታየም።

የእኛ ሙያ ድርሻ

ጥፋቱን በውኃ መሐንዲሶች ላይ ብቻ መጫን ግን ፍትሐዊ አይሆንም። የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከሉ በ2004 ባወጣው ዘገባ፣ ውኃቸው በሊትር ከ300 ማይክሮግራም በላይ እርሳስ በተገኘባቸው ቤቶች ከሚኖሩት 201 ከተመረመሩ ሰዎች መካከል አንድም ሰው አሳሳቢ ከተባለው የደም መጠን በላይ እንዳልተገኘበት ጻፈ። ይህ ዓረፍተ ነገር ለብዙዎች ማረጋጊያ ሆነ። በኋላ እንደታወቀው ግን ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ደማቸው ከመመርመሩ በፊት የታሸገ ወይም የተጣራ ውኃ መጠጣት ጀምረው ነበር። እርሳስ በደም ውስጥ በግማሽ የሚቀንሰው በአንድ ወር ገደማ መሆኑን ለምናውቅ ባለሙያዎች፣ ዘግይቶ የተወሰደ ደም ያለፈውን መጋለጥ እንደማያሳይ ግልጽ ሊሆንልን ይገባ ነበር።

በ2009 በቨርጂኒያ ቴክ የሚያስተምሩት ማርክ ኤድዋርድስና ባልደረቦቻቸው የጨቅላዎችን መረጃ ከየሰፈሩ የውኃ ሁኔታ ጋር አስተያይተው፣ አደጋው በበዛባቸው ሰፈሮች የደም እርሳስ መጠናቸው ከፍ ያለ ሕፃናት መብዛታቸውን አሳዩ። በ2010 አንድ የአሜሪካ ኮንግረስ ንዑስ ኮሚቴ የ2004ቱ ዘገባ በጎደለ መረጃ ላይ የተመሠረተ እንደነበር አረጋገጠ። በመካከሉ ያለፉት ስድስት ዓመታት ለአንድ ጨቅላ ወሳኝ የአእምሮ እድገት ዘመኑ ናቸው። ትንሽ ናሙና፣ ዘግይቶ የተወሰደ ደምና የማረጋጋት ፍላጎት ሲገናኙ ምን እንደሚከተል ከዚህ መማር ይቻላል።

ፍሊንት፦ ቁፋሮው ሲቆጠር

የዋሽንግተን ችግር በአቀያየር ላይ ሲሆን የፍሊንት ችግር ቧንቧውን በመለየት ላይ ነበር። በሚሺጋን የምትገኘው ይህች ከተማ በኤፕሪል 2014 የውኃ ምንጯን ወደ ፍሊንት ወንዝ ስታዞር የዝገት መከላከያ ኬሚካል አልተጨመረም። የሕፃናት ሐኪሟ ዶክተር ሞና ሐና-አቲሻ በሴፕቴምበር 2015 የሆስፒታላቸውን መረጃ ይፋ አደረጉ። የደም እርሳሳቸው 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ የሆነ ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት ከ2.4 በመቶ ወደ 4.9 በመቶ ማደጋቸው ታወቀ።

ቧንቧዎቹ ይቀየሩ ሲባል ግን የት እንዳሉ በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። የከተማዋ መዝገብ በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ ካርዶችና በአሮጌ ካርታዎች ላይ የሰፈረ፣ ብዙ ስሕተትም የነበረበት ነው። ጃኮብ አበርነቲና ኤሪክ ሽዋርትዝ የተባሉ ተመራማሪዎች የቤቱን ዕድሜ፣ የሰፈሩን፣ የመዝገቡንና ቀደም ብለው የተቆፈሩትን ቤቶች ውጤት አጣምረው፣ በየቤቱ የእርሳስ ቧንቧ የመገኘቱን ዕድል የሚገምት የኮምፒውተር ስሌት ሠሩ። በ2017 ከተቆፈሩት ቤቶች 70 በመቶ ያህሉ መቀየር ያለበት ቧንቧ ተገኘባቸው። በ2018 ስሌቱ ተትቶ ቁፋሮው በየሰፈሩ በተራ ሲካሄድ ግን፣ ከ10,000 በላይ ከሆኑ ቁፋሮዎች የተገኘው 15 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የተቆፈሩት ቤቶች ቁጥር ጨመረ፤ የወጣው እርሳስ ግን ቀነሰ። በ2019 ከተማዋ በፍርድ ቤት ስምምነት ወደ ስሌቱ ተመለሰች።

በተራ መቆፈሩን የደገፉ ወገኖች ክርክራቸው ዋጋ ቢስ አልነበረም። ከአንድ ዓመት በላይ ውኃው ደኅና ነው ሲባል የተዋሸ ሕዝብ፣ "በስሌቱ መሠረት የአንተ ቤት አያሰጋም" ሲባል ለምን ያምናል? የጎረቤቷ ቤት ተቆፍሮ የእሷ ሲታለፍ ያየች እናት በመቶኛ አትጽናናም። መልሱ የሚገኘው የስሌቱን ቦታ በትክክል በማስቀመጥ ነው። ስሌቱ ማን ይቅደም ለሚለው ጥያቄ እንጂ ማን ይቅር ለሚለው መልስ መሆን የለበትም። በድንገተኛ ክፍል ሕሙማንን በአጣዳፊነት ቅደም ተከተል የምንለየው የቀሩትን ላለማከም አይደለም። በፍሊንት የሚቀየሩት ቧንቧዎች አልቀው ለፍርድ ቤት የተገለጸው በ2025 ሲሆን፣ 11,000 ያህል ቧንቧዎች ወጥተዋል።

የተሻለው መንገድና የእኛ ተግባር

የተሻለ አሠራር መኖሩን የኒው ጀርሲዋ ኒውአርክ አሳይታለች። ከተማዋ ከ2019 ጀምሮ ለነዋሪው በነፃ፣ ቧንቧውን ከዳር እስከ ዳር በመቀየር፣ ባለንብረቱ ባይገኝም ሥራው እንዲካሄድ የሚፈቅድ ደንብ በማውጣት፣ ከሦስት ዓመት ባነሰ ጊዜ 23,000 ያህል መስመሮችን ቀየረች። ይህ ደንብ ለተከራይ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ውኃውን የሚጠጣው ተከራዩ፣ ፈቃዱን የሚፈርመው ግን አከራዩ ነውና። ዋሽንግተንም ከ2019 ጀምሮ ከፊል ቅየራን በሕግ ገድባለች።

በእነዚህ ከተሞች ለሚኖሩ ወገኖቻችን ምክር የምንሰጥ ባለሙያዎች ልንጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። "ውኃውን አፍልታችሁ ጠጡ" የሚለው የለመድነው ምክር ለእርሳስ አይሠራም። ማፍላት ጀርምን ይገድላል፤ እርሳሱ ግን አይተንም፤ ውኃው ሲቀንስ እንዲያውም ክምችቱ ይጨምራል። የሚጠቅመው እርሳስን ለማስወገድ የተመሰከረለት ማጣሪያ መጠቀም፣ ለምግብና ለዱቄት ወተት ከቀዝቃዛው መስመር መቅዳት፣ ሕፃኑንም ማስመርመር ነው። ቧንቧው ወደ ቤት በሚገባበት ቦታ ላይ በሳንቲም ፋቅ ሲደረግ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ፣ ለስላሳና ማግኔት የማይስበው ከሆነ እርሳስ መሆኑ ይጠረጠራል።

በማንኛውም ዘመቻ ሪፖርት ፊት ሦስት ጥያቄዎችን ማንሣት ተገቢ ይመስለናል። የተቆጠረው ምንድን ነው? ያልተቆጠረውስ ማን ነው? ቁጥሩ ሲሞላ የማን ጤና ተሻሻለ? በዋሽንግተንም ሆነ በፍሊንት ለከተማው ቧንቧ መመርመሪያ መሣሪያ ሆኖ ያገለገለው የሕፃናት ደም ነበር። የሕፃኑ ደም ውጤቱ የሚረጋገጥበት የመጨረሻ ሚዛን እንጂ ችግሩ የሚታወቅበት የመጀመሪያ ደወል መሆን አልነበረበትም።