ጥሩ ፕሮክሲ በምን ይታወቃል?

በራስ ኮምፒውተር ላይ የሚቆም ፕሮክሲ ሥራው ጥቂት ነው። ገጹ በ5173፣ ኤፒአዩ በ8000 ፖርት ላይ ሲሆኑ ብሮውዘሩ እንደ ባዕድ ስለሚያያቸው፣ ሁለቱን በአንድ አድራሻ ሥር ያሰባስባቸዋል። ኤፒአዩን ለመጣ ሁሉ በሚከፍት ሄደር ችግሩን የሚያልፉ ብዙ ናቸው። እኔ አልወደውም፤ ያ ሄደር ሳይታሰብ እስከ ዋናው ሰርቨር ሊዘልቅ ይችላል።

ጥሩ ፕሮክሲ የተቀበለውን ሳያዛባ ያደርሳል። በኢንጂንኤክስ የተሠራ ሲያጋጥመኝ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው «ፕሮክሲ_ፓስ» የሚለው መስመር መጨረሻ ላይ ነው። መንገዱ «/ኤፒአይ/» ተብሎ ተከፍቶ ከ8000 በኋላ ስላሽ ከሌለ፣ «/ኤፒአይ/ዩዘርስ» እንዳለ ያልፋል። ስላሽ ካለ ግን «/ዩዘርስ» ብቻ ይደርሳል። ሁለቱም ያስኬዳሉ፤ ሠሪው አውቆ መምረጡን ለማወቅ ግን የባክኤንዱን ሎግ ከፍቼ ከጠየቅኩት አድራሻ ጋር አስተያያለሁ።

ከዚያ ሆስት ሄደርን አያለሁ፤ ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ነው። ኢንጂንኤክስ ካልተነገረው በቀር ብሮውዘሩ የጠራውን ስም ትቶ የባክኤንዱን አድራሻ ይልካል። በጃንጎ ሬስት ፍሬምወርክ የተሠራ ኤፒአይ «ቀጣዩ ገጽ» የሚለውን ሊንክ የሚሠራው ከዚህ ሄደር ስለሆነ፣ ሁለተኛው ገጽ ሲጠየቅ ብሮውዘሩ ፕሮክሲውን ዘሎ በቀጥታ ወደ 8000 ይሄዳል። ይህን ለማረም «$ሆስት» የሚጽፉ አሉ፤ እሱ ደግሞ የፖርቱን ቁጥር ይጥላል። ፕሮክሲው 8080 ላይ ቆሞ ሊንኩ 80ን ፍለጋ ይሄዳል። «$ኤችቲቲፒ_ሆስት» የጻፈ ግን ብሮውዘሩ ያለውን እንዳለ አሳልፏል፤ ይህን መስመር ሳይ ሠሪውን አምነዋለሁ።

ዌብሶኬት ካለ የአፕግሬድና የኮኔክሽን ሄደሮች መተላለፋቸውን አያለሁ። «ሊስን 8080» ብቻ የተጻፈበትን ግን አላልፍም፤ ካፌ ውስጥ በአንድ ዋይፋይ ላይ ላለ ሁሉ ያላለቀ ሥራን ሊከፍት ይችላል። «127.0.0.1:8080» መባል አለበት።

በመጨረሻ ኤፒአዩን አጠፋዋለሁ፤ ወዲያው 502 መምጣት አለበት። መልሼ አስነስቼ የሌለ የኤፒአይ አድራሻ እጠይቃለሁ። የባክኤንዱ የራሱ 404 ከመጣ መንገዱ ንጹሕ ነው። 200 የሚል ቁጥር ይዞ የመነሻ ገጹ ኤችቲኤምኤል ከመጣ ግን ጥያቄው ባክኤንዱ ጋ አልደረሰም፤ ጄሰን የሚጠብቀው ኮድም የመጀመሪያዋ «<» ላይ ይሰናከላል።