ቅርንፉድ የሚሸት ክፍል

የጥርስ ክሊኒክ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል። እቤት ውስጥ ይህ ሽታ የሻይ ነው፤ ጥርሱን ያመመው ሰውም ቅርንፉድ ነክሶ እንዲያድር ይመከራል። እኛ ደግሞ ከቅርንፉድ ዘይት የሚገኘውን ዩጂኖል ከዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት ጋር ለውሰን ለጊዜያዊ መሙያ እንጠቀምበታለን። ሽታው የሚመጣው ከዚያ ነው።

አንድ ጠዋት አንዲት የሃምሳ ዓመት ገደማ እናት በሩን ከፍተው አንድ እግራቸውን እንዳስገቡ ቆሙ። አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። «ይኼ ሽታ…» አሉና ሳይጨርሱት ተመለሱ። ረዳቴ ደረጃው ላይ ደርሳባቸው አስቀመጠቻቸው። እጃቸውን ላብ አጥምቆታል። በልጅነታቸው መንጋጋቸው የተነቀለው እንዲህ በሚሸት ክፍል ውስጥ ነበር፤ ሁለት ሰው ትከሻቸውን ይዞ። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት የጥርስ ሐኪም ደጅ አልረገጡም።

በእኛ ሙያ ፍርሃት ከሕመም ቀድሞ ይገባል። የሚዘሩትም ብዙ ናቸው። ልጅ ሲያስቸግር «ዶክተሩን ጠርቼ መርፌ አስወጋሃለሁ» እንለዋለን፤ ልጁ እኔን ሳያየኝ ፈርዶብኛል። ካደገ በኋላ ደግሞ ጥርሱ ሲጠዘጥዘው ማስታገሻ እየዋጠ፣ አረቄ እየተጉመጠመጠ፣ ጉንጩ እስኪያብጥ ይቆያል። ያኔ ሲመጣ ችግሩ ድርብ ነው። መግል የቋጠረ ቦታ አሲዳማ ስለሚሆን የምንወጋው ሊዶኬይን የተባለ ማደንዘዣ ወደ ነርቩ ዘልቆ ለመግባት ይቸገራል። ስለዚህ አብዝቶ የፈራውና አብዝቶ የዘገየው ሰው ማደንዘዣው በደንብ የማይዝለት ሰው ሆኖ ያርፈዋል። ያመዋል፤ ሲያመው «ብዬ ነበር» ይላል፤ ለሚቀጥለው ጥርስ ደግሞ የባሰ ይዘገያል። የማረጋጋት ሥራ ይህን አዙሪት መስበር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሁለት ነገር ይቀላቅላል። «አስተኝተኸኝ ንቀለው» የሚለኝ ታካሚ ብዙ ነው። ማደንዘዣ ነርቩን ዝም ያሰኛል፤ ማረጋጊያ ሰውየውን ያሳርፋል። የሚያረጋጋ ጋዝ የሳበም ሆነ ክኒን የዋጠ ሰው ድዱ የግድ መደንዘዝ አለበት። የተረጋጋ ግን ያልደነዘዘ ታካሚ ሲያመው ዝም ሊል ይችላል፤ ዝምታው ደግሞ እኔን ያሳስተኛል።

የመጀመሪያው ማረጋጊያ ጠርሙስ ውስጥ የለም። አንድ ቱቦ ሊዶኬይን 1.8 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። ይህን በዐሥር ሰከንድ ጨምቆ ማስገባት ይቻላል፤ በደቂቃ ከአንድ ሚሊ ሊትር ሳያስበልጡ ቀስ እያሉ ማስገባትም ይቻላል። ሰው የሚፈራው የመርፌውን ጫፍ ነው፤ አብዝቶ የሚያመው ግን ፈሳሹ በጥድፊያ ሲገባ ሥጋውን መወጠሩ ነው። ድዱን አድርቆ የሚያደነዝዝ ጄል መቀባትና ሁለት ደቂቃ መጠበቅም አለ። ወረፋ ሲበዛ በመጀመሪያ የምንሰርቀው እነዚህን ሁለት ደቂቃዎች ነው።

ከነጠላቸው ጀርባ ወዳየኋቸው እናት ልመለስ። የመጀመሪያው ቀን ምንም አልሠራንም፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ። በሁለተኛው ቀጠሮ «እናቴ፣ ግራ እጅዎን ካነሡ አቆማለሁ፤ ለምን አልልዎትም» አልኳቸው። ጥርሳቸውን ማጠብ እንደ ጀመርኩ እጃቸውን አነሡ፤ አቆምኩ። እንደገና አነሡ፤ አቆምኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያነሡ ሳቃቸው አመለጣቸው። «አላመመኝም ልጄ፤ ትቆም እንደሆነ ልይ ብዬ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ እጃቸው አልተነሣም። አርባ ዓመት ሙሉ የፈሩት ሕመሙን ብቻ አልነበረም፤ ትከሻቸውን ይዘው እንቢታቸውን ያልሰሙትን እጆች ጭምር ነው። እንዲህ ላለው ፍርሃት የትኛውም ክኒን አይደርስለትም።

ቃል የማይበቃው ሰው ግን አለ። ክረምት ላይ ከቨርጂኒያ ለእረፍት የመጣች ታካሚ ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠች «የሚያስቀው ጋዝ የታለ?» አለችኝ። እኛ ጋ አልነበረም። የለመደችው ናይትረስ ኦክሳይድ ነው፤ አፍንጫ ላይ በሚደረግ ትንሽ ጭንብል ከኦክስጅን ጋር ተቀላቅሎ ይሳባል። በንጹሕ ኦክስጅን ይጀመርና ጋዙ ጥቂት በጥቂት ይጨመራል። ታካሚው ጣቶቹን ሲሞቀውና ሲነዝረው፣ ትከሻው ሲፈታ እዚያ ላይ ይቆማል። አይተኛም፤ ሲጠይቁት ይመልሳል። መሣሪያው ኦክስጅኑ ከ30 በመቶ እንዳይወርድ ተደርጎ የተሠራ ነው። ሥራው ሲያልቅ አምስት ደቂቃ ያህል ንጹሕ ኦክስጅን ይሰጠዋል፤ ጋዙ በትንፋሽ ይወጣል። አፍንጫው ለተደፈነበት ሰው አይሆንም፤ በእርግዝና መጀመሪያ ወራትም አይመከርም።

የዚህ ጋዝ ታሪክ የጥርስ ሐኪም ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1844 በአሜሪካ ሃርትፎርድ ከተማ ሆራስ ዌልስ የተባለ የጥርስ ሐኪም የጋዝ ትርኢት ሊያይ ገባ። ጋዙን የሳበ አንድ ሰው እግሩ ቆስሎ ሕመሙ ሳይሰማው ሲቀር አየ። በማግሥቱ ራሱ ጋዙን ስቦ የገዛ መንጋጋውን በባልደረባው አስነቀለ፤ አላመመውም። በጥር 1845 ቦስተን ሄዶ በሐኪሞችና በተማሪዎች ፊት ሊያሳይ ሞከረ። ጋዙ ቶሎ ተነሥቶ ነበር ይባላል፤ ታካሚው ጮኸ፣ አዳራሹም አጭበርባሪ ብሎ አፌዘበት። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1846፣ የቀድሞ ሸሪኩ ዊልያም ሞርተን በዚያችው ከተማ በኤተር ተሳክቶለት ስሙ ገነነ። ዌልስ በ1848 በ33 ዓመቱ ሞተ። ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር ትዝ የሚሉኝ ጄሉን ቀብተን የማንጠብቃቸው ሁለት ደቂቃዎች ናቸው።

ጋዝ በሌለበት እጃችን የሚሄደው ወደ ክኒን ነው። ክኒን ቀላል ይመስላል፤ የሚያታልለውም ለዚህ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ በጣም የሚፈሩ ጎልማሳ መጡ። «ጋሼ፣ ይህችን ይውሰዱና ትንሽ ይቆዩ» ብዬ ዳያዜፓም ሰጠኋቸው። ግፊታቸውን ለክቻለሁ፤ የሚወስዱት መድኃኒት እንዳለም ጠይቄ የለም ብለውኛል። ስለ መጠጥ ግን አልጠየቅኩም፤ በጠዋት እንዲህ ያለ ጥያቄ ነውር መስሎኝ ነበር። ለካ ለድፍረት ብለው ሁለት መለኪያ አረቄ ደግመው ነው የመጡት።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ወንበሩን አጋድሜ «አፍዎን ይክፈቱ» ስል ማንኮራፋት ጀመሩ። ረዳቴ «እሰየው፣ ተኙ» አለች። እኔም ለአፍታ እሰየው ብያለሁ። ማንኮራፋቱ ግን ይቆራረጣል፤ ምላሳቸው ወደ ኋላ ወድቆ የአየር መንገዱን እየዘጋ ነው። ጣታቸው ላይ ያለችው የኦክስጅን መለኪያ ከ96 ወደ 91፣ ከዚያ ወደ 88 ወረደች። አገጫቸውን ወደ ላይ ይዤ፣ ኦክስጅን ከፍቼ፣ ስማቸውን እየጠራሁ ቁጥሩ እስኪመለስ ቆምኩ። ጥርሱ ያን ቀን አልተነቀለም። እስኪነቁ አጠገባቸው ውዬ ማታ ለወንድማቸው አስረከብኳቸው።

አልኮልም ሆነ ዳያዜፓም አተነፋፈስን ያደክማል፤ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያበረታል። ጋዝ ሲበዛ ይቀነሳል፤ ክኒን ግን ሆድ ከገባ ገባ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ መጠጥ ሳልጠይቅ ክኒን አልሰጥም፤ አብሮት የሚሄድ ዘመድ ሳይዝ ለመጣ ሰውም አልሰጥም። የዋጠ ሰው እስከ ማግሥቱ መኪና አይነዳም፣ ውል አይፈርምም።

ከዚህ በላይ ያለው ደረጃ በደም ሥር የሚሰጥ ሚዳዞላም ነው። ታካሚው ሲያናግሩት ይመልሳል፤ በኋላ ግን አብዛኛውን አያስታውሰውም። የመድኃኒቱን ሥራ የሚሽር ፍሉማዜኒል አለ፤ ነገር ግን ፍሉማዜኒል ስላለ ብቻ ሚዳዞላም አይሰጥም። ጥርሱን የሚሠራው እጅና ትንፋሹን የሚጠብቀው ዓይን የአንድ ሰው መሆን የለባቸውም። የመጨረሻው ሰውን ጨርሶ የሚያስተኛው ሙሉ ማደንዘዣ ነው፤ ለምሳሌ ብዙ ጥርሱ ተበልቶ ምንም ቢያባብሉት አፉን ለማይከፍት ሕፃን። ቦታው ሆስፒታል ነው። ብሪታንያ ከእ.ኤ.አ. 2001 መጨረሻ ወዲህ ለጥርስ ሕክምና ሙሉ ማደንዘዣ ከሆስፒታል ውጭ እንዳይሰጥ አድርጋለች፤ በጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ሰው ሞቶባት ስለነበረ ነው።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ከወንበሩ ወዲያ ማዶ ሆኜ የምለምንዎት ጥቂት ነው። ቀጠሮ ሲይዙ «እፈራለሁ» ይበሉን፤ በቀጠርንዎት ሰዓት ላይ የምንጨምረው ጊዜ የሚገኘው ከዚህች ቃል ነው። ጠጥተው ከሆነ አይደብቁን። ጫት ቅመው ከመጡም እንዲሁ፤ ጫቱ ልብን ያፈጥናል፣ ማደንዘዣው ውስጥ ያለው አድሬናሊንም ያፈጥናል። ጾመው ከመጡ ይንገሩን፤ ባዶ ሆድና ፍርሃት ሲገናኙ ሰው ወንበሩ ላይ ራሱን ይስታል። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ከሁሉ አስቀድመው ይንገሩን። እስኪያብጥ አይጠብቁ። ልጅዎንም በእኛ አያስፈራሩብን።