አራት በአራት

«በዚህ መኸር ጤፍ በሄክታር ይህን ያህል ኩንታል ሰጠ» የሚል ዜና ሲነበብ ቁጥሩን የሚጠራጠር አይጠፋም፣ የሚያጨበጭብለትም ሞልቷል። ማን መዘነው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ገበሬው ምርቱን በሙሉ ለሚዛን አያቀርብም። እህሉ ከአውድማ ጎተራ ይገባል፤ ከፊሉ ይበላል፣ ከፊሉ ለዘር ይቀመጣል፣ ከፊሉ ለብድር ይሄዳል፣ የቀረው በማዳበሪያ ተቋጥሮ ገበያ ይወጣል። ገበያ የወጣውም ቢሆን ብዙ ጊዜ በቁና ወይም በጣሳ ተሰፍሮ ነው የሚሸጠው። የኩንታሉ ቁጥር መነሻው አራት ችካልና አንድ ገመድ ነው።

ስለ ሸማኔና ስለ አንጥረኛ እጅ ብዙ ተብሏል። በችካልና በገመድ የከለለውን ሰብል አጭዶ ስለሚመዝን፣ የሰብል ቆረጣ ስለሚሠራ መረጃ ሰብሳቢ ሙያ ያወራ ሰው ግን አላጋጠመኝም፤ ሙያው ደግሞ ከማናቸውም አያንስም። ልዩነቱ፣ የሸማኔ እጅ በጥለቱ ይታወቃል፤ የዚህኛው ሥራ ሠመረ የሚባለው እጁ ሳይታወቅ ሲቀር ነው።

የዛሬው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ፣ የግብርና ናሙና ጥናት ማካሄድ የጀመረው በ1973 ዓ.ም. ነው። መረጃ ሰብሳቢው በተመደበበት የቆጠራ ቦታ ያለውን ቤተሰብ ቤት ለቤት ዞሮ ይመዘግባል። ምርጫው በዕጣና በእኩል ዝላይ ነው። 160 አራሽ ቤተሰብ ተመዝግቦ 20 ቢፈለግ፣ ከ1 እስከ 8 ካሉት ቁጥሮች አንዱ በዕጣ ይወጣና ከዚያ በየስምንቱ ይኬዳል፤ 5 ከወጣ 5ኛው፣ 13ኛው፣ 21ኛው እያለ ይቀጥላል። የቀበሌው ሊቀመንበር «እገሌ ጎበዝ ገበሬ ነው፣ እሱን መዝግብልን» ቢሉ አይሆንም። ቤቱ ከመንገድ ቢርቅ፣ ዳገቱ ቢከፋ አይዘለልም።

ቀጥሎ ማሳው ይለካል። አብዛኛው የደጋ ማሳ ጎባጣና ሾጣጣ ነው፤ ርዝመት በወርድ አባዝቶ መገላገል አይቻልም። የድሮው ዘዴ ኮምፓስና ሜትር ነው፦ በየማዕዘኑ ችካል ይተከላል፣ ከችካል ችካል አቅጣጫው በኮምፓስ፣ ርቀቱ በሜትር ይነበባል፣ ሁሉም ቅጹ ላይ ይሰፍራል። እኔ የምወደው ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ነው። መለኪያዎቹ በቅደም ተከተል ሲሰሉ የመጨረሻው መስመር ከተነሱበት ችካል ላይ ማረፍ አለበት። አያርፍም፤ ሁልጊዜ ትንሽ ክፍተት ይቀራል። ክፍተቱ ከማሳው ዙሪያ ርዝመት ጋር ይነጻጸርና ከተፈቀደው ወሰን ካለፈ ልኬቱ እንደ አዲስ ይጀመራል። ማንም ሳይቆጣጠር፣ አለቃ ሳይመጣ፣ ሥራው በራሱ ስህተት ላይ ይመሰክራል። አሁን ጂፒኤስ ይዞ ማሳውን በእግር መዞር ይበቃል። ሁለቱ ዘዴዎች በኢትዮጵያ፣ በታንዛኒያና በናይጄሪያ ማሳዎች ላይ ጎን ለጎን ተፈትነው፣ ጂፒኤሱ በአማካይ ከኮምፓሱ ብዙም ሳይርቅ ጊዜውን እጅግ እንደሚያሳጥር ታይቷል። ጓሮ በምታህል ቁራሽ መሬት ላይ ግን ንባቡ ይዋልላል።

ወደ ገመዱ ልምጣ። የተመረጠው ማሳ ውስጥ 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ቦታ ይከለላል። የትኛው ቦታ? እዚህ ላይ ነው ዓይን የሚፈተነው። ማሳ ዳር የቆመ ሰው ሳያውቀው ወደ ጥሩው ሰብል ይሳባል፤ ወይም አዘኔታ ይይዘውና ወደ መናኛው ይሄዳል። ስለዚህ ሁለት ቁጥሮች ከዕጣ ሰንጠረዥ ይወጣሉ፤ አንዱ በማሳው ርዝመት፣ ሁለተኛው በወርዱ ይቆጠራል፤ ቆጠራው ያበቃበት ቦታ የመጀመሪያው ችካል ነው። ሽማግሌ ገበሬ አብረው ቆመው ከሆነ የሚሉት አይጠፋም። «ኧረ ልጄ፣ እዚህ ምን አለ ብለህ ነው? ደህናው በላይ በኩል ነው።» መልሱ «አባባ፣ ዕጣው የወጣው እዚህ ነው» ብቻ ነው። ግብር ይጨመርብኛል ብሎ የፈራ ሌላ ገበሬ ደግሞ ወደ ታች፣ ውኃ ወዳቆረው ወገን ይጠቁማል። ለሁለቱም መልሱ አንድ ነው።

አራት ጎን፣ እያንዳንዱ 4 ሜትር፤ ይህ ብቻውን አራት ማዕዘን አያደርገውም። ጎኖቹ ልክ ሆነው ማዕዘኑ ወደ 70 ዲግሪ ቢያጋድል ስፋቱ ከ16 ካሬ ሜትር ወደ 15 ይወርዳል፤ በዓይን ግን ያው ካሬ ይመስላል። ስለዚህ ከማዕዘን ማዕዘን በሰያፍ ይለካል፤ ሁለቱም ሰያፎች 5 ሜትር ከ66 ሳንቲ ሜትር ግድም መምጣት አለባቸው። ካልመጡ ችካል ይነቀላል። ገመዱ ተወጥሮ መሬት መንካት አለበት፤ ሰብሉ አናት ላይ ከተንጠለጠለ አገዳውን ገፍቶ ክልሉን ያሰፋዋል።

ጤፍ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ጤፍ ሲያፈራ ጋሽቦ ይተኛል። ሥሩ ውስጥ የሆነ ዛላው ከገመዱ ውጭ ይወድቃል፤ የውጭው ደግሞ ወደ ውስጥ ተኝቶ ይገባል። የሚዳኘው ሥሩ ነው፤ ሥሩ ከገመዱ ውስጥ ከሆነ ዛላው የትም ይውደቅ የት ይታጨዳል፤ ሥሩ ውጭ ከሆነ የቱንም ያህል ያማረ ዛላ ቢሆን ተለይቶ ይመለሳል። ለመናገር አንድ መስመር ናት። ለመሥራት ግን 16 ሜትር ዙሪያ አጎንብሶ፣ እፍኝ እፍኙን እየፈለቀቁ ሥሩን መከታተል ነው።

ከዚያ በማጭድ ታጭዶ፣ ሸራ ላይ ተወቅቶ፣ ተበጥሮ ይመዘናል። የከረጢቱ ክብደት ይቀነሳል። ሥራው በዚህ አያበቃም፤ ከማሳ የወጣ እህል እርጥበቱን ይዞ ነው የሚመዘነው፤ ስለዚህ ምልክት ተደርጎበት እንዲደርቅ ይቀመጥና እንደገና ሚዛን ላይ ይወጣል። የሚታመነው ሁለተኛው ሚዛን ነው። አንድ ሄክታር ውስጥ እንዲህ ያለ ካሬ 625 ጊዜ ይገባል። ከገመዱ ውስጥ 3.2 ኪሎ ደረቅ እህል ከወጣ በሄክታር 2,000 ኪሎ፣ ማለትም 20 ኩንታል ሆነ ማለት ነው። 100 ግራም ቢፈስ ወይም ሳይበጠር ቢቀር ሄክታሩ ላይ 62 ኪሎ ተኩል ይሆናል። ደቃቅ ፍሬ ያለው ጤፍ ሸራ ላይ ሲወቃ ለምን ትንፋሽ እንደሚያዝ ከዚህ ይገባል።

ልኩ አራት በአራት የሆነው በዘፈቀደ አይደለም፤ ከኋላው የሕንድ ረጅም ክርክር አለ። ቢሃር ውስጥ የእንግሊዝ አስተዳደር ሹም የነበረው ጆን ሃባክ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሩዝ ምርትን በዕጣ በወጡ ትንንሽ ቁራጮች መገመት ጀመረ። የሕንድ ስታቲስቲክስ ኢንስቲትዩትን የመሠረተው ፕራሳንታ ቻንድራ ማሃላኖቢስም ቤንጋል ውስጥ በትንንሽ ክልሎች ሠራ፤ ትንሽ ክልል ፈጣን ናት፣ ወጪዋም ቀላል ነው። የስታቲስቲክስ ሊቁ ፓንዱራንግ ሱክሃትሜ ግን በ1940ዎቹ ትንንሾቹ ክልሎች ምርትን አጋንነው እንደሚያሳዩ አስረጅ ይዞ መጣ። ምክንያቱ ጠርዝ ነው። ሰው ገመድ ላይ የቆመን ተክል ሲያይ ወደ ውስጥ ማስገባት ይቀናዋል። በእያንዳንዱ ጎን 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ወደ ውጭ ቢያልፍ፣ 4 በ4 የነበረው 16.81 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ 20 ኩንታሉ 21 መሰለ። ያው 5 ሳንቲ ሜትር 1 በ1 ሜትር በሆነ ክልል ላይ ቢደረግ ስፋቱ 1.21 ይሆንና 20 ኩንታሉ ከ24 በላይ ያሳያል። የአጫጁ ስህተት ያው ነው፤ የተጋነነው ግን አራት እጥፍ ግድም ሆነ። ክልሉን ማሳደግ ድካም ይጨምራል፣ ማሳነስ ውሸት ይጨምራል። አራት በአራት በዚህ መካከል የተገኘ ስምምነት ነው።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? ገበሬውን ጠይቆ መጻፍ አይቀልም? ይቀላል፣ መጠይቁም ይጠይቃል። አባወራው ወይም እማወራዋ ግን በጥማድና በማዳበሪያ ያስባሉ፤ ጥማድ እንደ በሬው ጉልበትና እንደ አፈሩ ይለያያል፣ ማዳበሪያም ተሞልቶና ተጠቅጥቆ አንድ አይደለም። በዚያ ላይ ትንሽ መሬት ያለው ሰው ምርቱን ከፍ አድርጎ፣ ሰፊ መሬት ያለው ዝቅ አድርጎ የመናገር ዝንባሌ አለ። የዚህ ዝንባሌ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ተመራማሪዎቹ ሳም ዴሲርና ዲን ጆሊፍ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል። የምጣኔ ሀብት ምሁራን ለብዙ አሥርተ ዓመታት «ትንሽ ማሳ ከትልቅ ማሳ በሄክታር የበለጠ ያመርታል» ሲሉ ኖረዋል፤ የመሬት ፖሊሲ ክርክርም በዚህ ላይ ተገንብቷል። ሁለቱ ተመራማሪዎች በ2004 ዓ.ም. የጀመረውን የኢትዮጵያ ማኅበረ ኢኮኖሚ ጥናት ወሰዱ፤ ጥናቱ የገበሬውን ቃልም የቆረጣ ሚዛንም ይዟል። በቃል ሲሰላ ትንሹ ማሳ እንደተባለው በጣም ይበልጣል። በቆረጣ ሲሰላ ብልጫው ጠፋ። ፕሮፌሰሮች መጽሐፍ ሲጽፉበት የኖሩት ጉዳይ፣ ቢያንስ በእኛ አገር ማሳ ላይ፣ አጎንብሶ ሥር በሚፈትሽ ሰው ተናጋ።

ዘዴው እንከን የለውም አልልም። ገመድ ውስጥ ያለው ተለቅሞ ይታጨዳል፤ ገበሬው ራሱ ሲያጭድና ሲወቃ ግን የሚረግፍ፣ በበሬ እግር የሚቀበር፣ ወፍና አይጥ የሚወስደው አለ። ስለዚህ ቆረጣ ማሳው ያፈራውን እንጂ ጎተራ የገባውን አይነግርም፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያነብ ሪፖርት ሲያጋጥመኝ እናደዳለሁ። ባቄላና አተር ተደባልቀው በተዘሩበት ማሳ ላይም ሥራው ይወሳሰባል። ከሁሉ በላይ ቀኑ ያስቸግራል፦ ገበሬው ዝናብ ፈርቶ መረጃ ሰብሳቢውን ሳይጠብቅ ካጨደ ያ ማሳ ለዚያ ዓመት ጠፋ። መረጃ ሰብሳቢው ቀበሌው ውስጥ ቤት ተከራይቶ የሚከርመውም ለዚህ ነው፤ ማን መቼ እንደሚያጭድ የሚሰማው ቡና ላይ ነው።

አሁን ሳተላይት አለ፣ ገመዱ ጡረታ ይውጣ የሚሉ አሉ። ሳተላይት የሚያየው የቅጠሉን አረንጓዴነት ነው፤ ያ አረንጓዴነት ስንት ኪሎ እንደሆነ ግን ከመሬት ተመዝኖ ሊነገረው ይገባል። በምሥራቅ ኡጋንዳ የበቆሎ ማሳዎች ላይ ተመራማሪዎች የሳተላይት ግምትን ሲፈትኑ በገበሬው ቃል አልተማመኑም፤ ከፊል ማሳዎቹን ከዳር እስከ ዳር ሰብስበው መዘኑ፣ ችካል ተክለውም ቆረጡ። የሳተላይቱ ግምት የተመዘነው ከእነዚያ ሚዛኖች ጋር ነው።