የሲረል በርት የመንትዮች ጥናትና የጥሬ መረጃ ጥያቄ

ሲረል በርት በእንግሊዝ አገር የትምህርት ሥነ ልቡና ሊቃውንት ዘንድ ከፍ ያለ ስፍራ የነበረው ተመራማሪ ነው። በ1946 የ«ሰር» ማዕረግ ተሰጥቶታል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ በ1971 ሲሞትም ዝናው አልጎደለም ነበር። የማሰብ ችሎታ በአመዛኙ በዘር የሚወረስ ነው ለሚለው አስተሳሰብ ደጋግሞ ይጠቀስ የነበረው ማስረጃም፣ በሕፃንነታቸው ተለያይተው ባደጉ ተመሳሳይ መንትዮች ላይ ያቀረበው ጥናቱ ነው።

በ1955 ባወጣው ጽሑፍ መንትዮቹ 21 ጥንድ ነበሩ። በ1966 ቁጥራቸው 53 ደረሰ። የውጤታቸው ተዛምዶ ግን በሁለቱም ጊዜ 0.771 ነው። የናሙናው መጠን ከእጥፍ በላይ ሲጨምር ሦስተኛው አኃዝ እንኳ ንቅንቅ አላለም። ስታትስቲክስን በመጠኑ የተማረ አንባቢ እዚህ ላይ ሊያመነታ በተገባው ነበር። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ታትሞ ወጣ፤ አርተር ጄንሰንም በ1969 በአሜሪካ ስለ ዘርና ስለ ትምህርት ውጤት ላነሣው ብርቱ ክርክር የበርትን ቁጥሮች በማስረጃነት አቀረባቸው። በነጭና በጥቁር ልጆች ትምህርት ላይ የሚሰጥ ፍርድ በእነዚህ ቁጥሮች ላይ ተደገፈ ማለት ነው።

ሊዮን ካሚን በ1974 በመጽሐፉ ያጋለጠው የቁጥሮቹን መደጋገም ብቻ አይደለም። የትኛው ፈተና፣ መቼና ለየትኞቹ ልጆች እንደ ተሰጠ በቅጡ የሚያስረዳ ክፍል በበርት ጽሑፎች ውስጥ አልተገኘም። ይህ ጉድለት ከ0.771 ይልቅ የከበደ ነው፤ ምክንያቱም ለዓመታት በግልጽ ታትሞ ሲነበብ የኖረ ነውና። እዚህ ላይ ከደራሲው እኩል አራሚውና አንባቢው ይጠየቃሉ።

የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ሌዝሊ ኸርንሾው በ1979 በርት መረጃ ፈጥሯል ሲል ደመደመ። ሮበርት ጆይንሰን በ1989፣ ሮናልድ ፍሌቸር በ1991 ይህን ድምዳሜ ተቃወሙ። ሁለቱ በከሳሾች ዘንድ የታየውን ችኮላ ማሳየታቸው ተገቢ ነበር። ነገር ግን የክሱን ድክመት ማሳየት ጥናቱን አያድነውም። ከበርት ወረቀቶች ብዙዎቹ ከሞተ በኋላ ተቃጥለዋል፤ በመሆኑም ተከላካዮቹ ከሳሾቹን እንጂ የመንትዮቹን ውጤት ለማቅረብ አልቻሉም።

በ1990 ቶማስ ቡሻርድና ባልደረቦቹ በሚኔሶታ ባደረጉት የመንትዮች ጥናት ከበርት ብዙ ያልራቀ መጠን አግኝተዋል። አንዳንዶች ይህን ለበርት ነፃ መውጣት ይቆጥሩለታል። አባባሉ የሚያስገርም ነው። የሚኔሶታው ጥናት ስለ ሚኔሶታ መንትዮች ይመሰክር እንደ ሆነ እንጂ፣ በርት 53ቱን ጥንዶች የት አግኝቶ በምን ፈተና እንደ መዘናቸው የሚነግረን ነገር የለውም።