«ሲርበው ይበላል»፦ ኦቲዝም ላለበት ሕፃን የማይበቃ ምክር

አሜሪካዊቷ የሥነ ምግብ ባለሙያና የቤተሰብ አማካሪ ኤሊን ሳተር እ.ኤ.አ. በ1983 «ቻይልድ ኦፍ ማይን» በተሰኘው መጽሐፋቸው አማካይነት ያሠራጩት የሕፃናት አመጋገብ መርሕ በብዙ አገሮች ሐኪሞችና ወላጆች ዘንድ ተቀባይነትን አግኝቷል። መርሑ አጭር ነው፤ ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ የሚወስነው ወላጅ ሲሆን፣ መብላት አለመብላቱንና መጠኑን የሚወስነው ልጁ ነው። ይህ አስተሳሰብ በእኛም አገር በሕፃናት ክሊኒኮች «አትጨነቁ፣ ሲርበው ይበላል» በሚለው አጭር ምክር መልክ ይሰማል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መርሑ ኦቲዝም ላለባቸው ሕፃናት ምን ያህል እንደሚሠራ መመርመር ነው።

በቅድሚያ የመርሑን በጎ ጎን መካድ አይገባም። አፍን አስከፍቶ ማጉረስ፣ ማስፈራራትና «ይህን ከጨረስህ ከረሜላ እሰጥሃለሁ» ማለት ልጁ ምግቡን ይበልጥ እንዲጠላ እንደሚያደርጉ በአግባቡ አመልክቷል። ማዕዱ የጠብ ቦታ እንዳይሆን ወላጅን መክሯል። በቋሚ ሰዓት፣ በቋሚ ቦታ የሚቀርብ ምግብም ለማንኛውም ሕፃን ይጠቅማል። በዚህ ረገድ መርሑ የሚነቀፍበት ምክንያት የለም።

ይሁን እንጂ መርሑ ሳይናገር የሚያስቀምጣቸው ሦስት መነሻዎች አሉ። አንደኛው፣ ልጁ ረኀቡን በትክክል ይረዳል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የቀረበለትን ምግብ ሽታ፣ መልክና ልስላሴ ቢያንስ ሊታገሠው ይችላል የሚል ነው። ሦስተኛው ደግሞ፣ ልጁ አጠገቡ የሚበሉትን እያየ ቀስ በቀስ ይኮርጃል የሚል ነው። ኦቲዝም ባለበት ልጅ ሦስቱም ሊጎድሉ ይችላሉ። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው አምስተኛው የምርመራ መመሪያ፣ ለድምፅ፣ ለሽታና ለመዳሰስ የሚሰጥ ያልተለመደ ምላሽ ከኦቲዝም መለያዎች ተርታ ተመዝግቧል። በአንድ ዓይነት ነገር ላይ መጽናትም ከመለያዎቹ አንዱ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ አዲስ ምግብ ሲቀርብለት የሚያሳየው እምቢታ ከተራ ምርጫ ወይም ከቅብጠት የመጣ አይደለም፤ የሚገጥመው ነገር ለስሜት ሕዋሳቱ ከባድ ስለሆነ ነው። ለዚህም ነው አንዳንዶቹ የለመዱት ምግብ ከሌለ ረኀቡን ታግሠው ሙሉ ቀን ሊውሉ የሚችሉት።

ይህ ችግር አዲስ ግኝት አይደለም። ሌዎ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ ኦቲዝም በጻፈው የመጀመሪያ ዘገባ ውስጥ ካቀረባቸው 11 ልጆች ስድስቱ ገና ከጨቅላነታቸው ጀምሮ ከባድ የአመጋገብ ችግር እንደነበረባቸው መዝግቧል። ከ70 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ዊልያም ሻርፕና ባልደረቦቹ ቀደም ያሉ ጥናቶችን አሰባስበው ባካሄዱት ትንተና፣ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች የአመጋገብ ችግር የመግጠማቸው ዕድል ከእኩዮቻቸው አምስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። የሚያገኙት ካልሲየምና ፕሮቲንም ያነሰ ነበር። እዚህ ላይ ሐኪሙ ሊያስተውለው የሚገባው ነጥብ፣ በዚያው ትንተና የልጆቹ አካላዊ ዕድገት ከሌሎቹ ጉልህ ልዩነት አለማሳየቱ ነው። ስለዚህ ክብደቱ በዕድገት ሠንጠረዡ ላይ ደህና የሆነ ልጅ የምግብ ጉድለት የለበትም ማለት አይቻልም። በጥቂት ዓይነት ምግብ ብቻ የኖሩ ልጆች በቫይታሚን ሲ እጦት ድዳቸው ደምቶ፣ እግራቸውን አሟቸው መራመድ እምቢ ብለው፣ በቫይታሚን ኤ እጦትም ዓይናቸው ተጎድቶ ወደ ሐኪም ቤት መምጣታቸው በሕክምና መጽሔቶች በተደጋጋሚ ተዘግቧል። «ሲርበው ይበላል» የሚለው ምክር በእነዚህ ልጆች ላይ የሚያስከትለው ዋጋ ይህ ነው።

በተቃራኒው ጫፍ ያለው ስሕተት ደግሞ ምግብን እንደ መድኃኒት መቁጠር ነው። ግሉተንና ኬሲን የተባሉትን የስንዴና የወተት ፕሮቲኖች ከልጁ ገበታ ማስወገድ ኦቲዝምን ያሻሽላል የሚለው አስተያየት ለብዙ ዓመታት ተሠራጭቷል። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና መመሪያ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2013 እነዚህ የምግብ ክልከላዎች ለኦቲዝም ዋና ምልክቶች ሕክምና እንዳይውሉ መክሯል። ሱዛን ሃይማንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙት፣ 14 ልጆችን ብቻ ያካተተ ነገር ግን በጥብቅ ቁጥጥር የተካሄደ ጥናትም ጉልህ ለውጥ አላሳየም። የክልከላው ጉዳት ግን ግልጽ ነው። ከሚበላቸው ጥቂት ምግቦች መካከል ሁለቱ ዳቦና ወተት ከሆኑበት ልጅ እነዚህን መንጠቅ፣ የቀረውን ጠባብ ገበታ ማጥፋት ነው። ንጹሕ የጤፍ እንጀራ በተፈጥሮው ግሉተን የሌለበት መሆኑ በአገራችን ክልከላውን ቀላል ሊያስመስለው ቢችልም፣ እንጀራን ጨርሶ ለማይነካ ልጅ ይህ የሚፈይደው ነገር የለም።

በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለውን መንገድ ካሳዩት ሥራዎች አንዱ የሻርፕ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተመው ጥናት ነው። በጥናቱ ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 8 ዓመት የሆኑ 38 ልጆች ተሳትፈዋል፤ ወላጆቻቸውም በሁለት ቡድን ተከፍለው ለ16 ሳምንታት ክትትል ተደርጎላቸዋል። አንደኛው ቡድን ልጁን በትናንሽ ደረጃ ወደ አዲስ ምግብ የማቅረብን ዘዴ በተግባር ሲማር፣ ሌላው ስለ ኦቲዝም አጠቃላይ ትምህርት ብቻ አግኝቷል። በመጀመሪያው ቡድን ግማሽ ያህሉ ልጆች መሻሻል ሲያሳዩ በሌላው ቡድን የተሻሻለ ልጅ ማግኘት አዳጋች ነበር። ውጤቱ አበረታች ቢሆንም ጉድለት አለበት። የተሳታፊዎቹ ቁጥር አነስተኛ ነው፤ ግማሽ ያህሉ ልጆችም አልተሻሻሉም፤ ዘዴው ተደጋጋሚ ቀጠሮና የሠለጠነ ባለሙያ ይጠይቃል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲመሠርቱ አገልግሎቱ ፈጽሞ ባልነበረበት፣ ዛሬም በቂ ባልሆነበት አገር፣ ይህ ዘዴ እንዳለ ይገለበጥ ማለት ከወረቀት አያልፍም።

ይልቁንም ሊወረስ የሚችለው ፍሬ ሐሳቡ ነው። የእኛ ማዕድ ለዚህ ልጅ የራሱ ፈተና አለው። በአንድ መሶብ ላይ ቀዩ ወጥ ከአልጫው፣ አይቡ ከጎመኑ ይነካካል፤ እንጀራው በአንድ ወገን ደረቅ፣ በሌላው የራሰ ይሆናል። ምግቦች ሲነካኩ የሚረበሽ ልጅ በራሱ ሳሕን፣ ለየብቻ ቢቀርብለት ከቤተሰቡ ማዕድ ተለየ ማለት አይደለም፤ በማዕዱ ላይ የመቆየት ዕድል አገኘ ማለት ነው። ደረቅ ዳቦ ብቻ የሚበላ ልጅ በመጀመሪያ ድርቆሽ፣ ከዚያ በትንሹ የራሰ ድርቆሽ፣ በመጨረሻም ፍርፍር ሊቀርብለት ይችላል። ሽሮ በየጊዜው አንድ ዓይነት ልስላሴ እንዲኖረው ሆኖ ሊሠራ ስለሚችል፣ ያለ በርበሬ ጥሩ መነሻ ሊሆን ይችላል። አዲሱ ምግብ በመጀመሪያ በገበታው ላይ መቀመጡ፣ ከዚያ መነካቱ፣ ከዚያ መሽተቱ፣ ከዚያ በምላስ ጫፍ መቀመሱ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ እርምጃ ነው። በርችና ማርሊን እ.ኤ.አ. በ1982 በሁለት ዓመት ልጆች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ምግቡ ደጋግሞ በቀረበ ቁጥር መውደዱም ጨምሯል። ኦቲዝም ላለበት ልጅ ከዚያ የረዘመ ትዕግሥት እንደሚያስፈልግ መገመት ይገባል።

ጉርሻም በዚህ አንጻር ሊታይ ይገባዋል። ለአያትና ለአክስት ጉርሻ የፍቅር ምልክት ነው፤ የሰው እጅ አፉን ሲነካው ለሚጨነቅ ሕፃን ግን እንደ ግዳጅ ይቆጠራል። አያቱን ሳያስቀይሙ ጉርሻውን ልጁ በገዛ እጁ እንዲቀበል ማድረግ የሚቻል ነገር ነው። ይህን ለቤተሰቡ ማስረዳትም የሐኪሙ ሥራ ነው።

የሐኪሙ ድርሻ በምክር ብቻ አያበቃም። የሆድ ድርቀት፣ የጨጓራ አሲድ ወደ ጉሮሮ መመለስና የጥርስ ሕመም እምቢታን ያባብሳሉ፤ ሕመሙን መናገር በማይችል ልጅ ላይ እነዚህ በቀላሉ ይታለፋሉ። ትኩረትን ለማሻሻል የሚሰጠው ሜቲልፌኒዴት የምግብ ፍላጎትን ሲቀንስ፣ ሪስፔሪዶን ደግሞ ይጨምራል። ስለዚህ የሚበላቸው ምግቦች ዝርዝር በየቀጠሮው ሊመዘገብ ይገባል። ትናንት ይበላ የነበረውን ምግብ እየተወ ዝርዝሩ የሚያጥር ልጅ፣ ክብደቱ ባይቀንስም ፈጣን ክትትል ያስፈልገዋል።

በማጠቃለል፣ የሳተር መርሕ የመጀመሪያው አጋማሽ ይጽና፤ ወላጅ ገበታውን ያዘጋጅ፣ አያስገድድም። ሁለተኛው አጋማሽ ግን ኦቲዝም ላለበት ሕፃን ጭማሪ ይሻል። መምረጥ የሚችለው ሊደርስበት የሚችል ምግብ ሲቀርብለት ነውና፣ ወደዚያ የሚያደርሰውን ደረጃ መሥራት የአዋቂዎቹ ኃላፊነት ነው። እናት «ልጄ አይበላም» ብላ ስትመጣ «ሲርበው ይበላል» ብሎ ከመመለስ በፊት «የሚበላው ምን ምን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።