ስለ 136ኛው መዝሙረ ዳዊት፤ ልቅሶውን አንሥተው መሐላውንና ፍርዱን ስለሚተዉ ዘማሪዎች

ይህ መዝሙር በዕብራውያን አቈጣጠር 137ኛ ይባላል። ቍጥሩ የተለያየበት ምክንያት ሰብዓ ሊቃናት 9ኛውንና 10ኛውን መዝሙር አንድ አድርገው ስለ ቈጠሩ ነው፤ የእኛም ግእዝ የእነርሱን መንገድ ይከተላል። ነገሩ የተነገረው ንጉሡ ናቡከደነፆር ኢየሩሳሌምን አፍርሶ ሕዝቡን ወደ ባቢሎን ስለ ማፍለሱ ነው፤ ይኸውም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ587 ዓመት ግድም ነው። ዳዊት ከዚያ ዘመን አስቀድሞ ሳለ ስለምን በስሙ ተጻፈ ቢሉ፥ የሚመጣውን በትንቢት አይቶ ተናገረው ብለው አባቶች ይተረጕሙታል።

መዝሙሩ 9 ቍጥር ብቻ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ሦስት ነገር አለ። ከ1 እስከ 4 ያለው ልቅሶ ነው፤ ምርኮኞቹ በወንዙ ዳር ተቀምጠው ጽዮንን እያሰቡ ማልቀሳቸውን፥ የዜማ ዕቃቸውን በአኻያ ዛፍ ላይ መስቀላቸውን፥ የማረኳቸውም ሰዎች ዘምሩልን ባሏቸው ጊዜ የእግዚአብሔርን ዜማ በባዕድ ምድር መዘመር አለመቻላቸውን ይናገራል። ከ5 እስከ 6 ያለው መሐላ ነው፤ ኢየሩሳሌምን የረሳሁ እንደ ሆነ ቀኜም ምላሴም ይክዱኝ ብሎ ሰው በራሱ ላይ የሚምለው ነው። ከ7 እስከ 9 ያለው ፍርድ ነው፤ ኤዶምያስ በኢየሩሳሌም ጥፋት ቀን የተናገረውን እግዚአብሔር እንዲያስብ ይለምናል፤ ባቢሎንንም እንዳደረገች የሚያደርግባትን፥ ሕፃናቶቿንም በዓለት ላይ የሚፈጠፍጠውን ብፁዕ ይለዋል።

እንግዲህ ይህች ጽሑፍ የምትመረምረው ነገር ይህ ነው። በዓለም ሁሉ ከመዝሙራት መካከል እንደዚህ ብዙ ዜማ የወጣለት ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ከዘማሪዎቹ የሚበዙት ልቅሶውን ይወስዳሉ፥ ከመሐላው ጥቂት ይቀምሳሉ፥ ፍርዱን ግን ይተዋሉ። ይህ መቍረጥ ይገባልን ወይስ አይገባም? ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

በሮም የኖረው ባለ ዜማ ፓለስትሪና በላቲን ሲያዜመው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቍጥሮች ብቻ ወሰደ፤ ዜማው እጅግ ያማረ ነው፥ ነገር ግን ዕቃው በዛፍ ላይ እንደ ተሰቀለ ያበቃል። በ1583 ፊሊፕ ዴ ሞንቴ የሚባለው የነገሥታት ባለ ዜማ ከዚሁ መዝሙር አንድ ዜማ ሠርቶ በእንግሊዝ አገር ለነበረው ለዊልያም በርድ ላከለት። በርድ ያን ጊዜ በፕሮቴስታንት መንግሥት ሥር የሚኖር ካቶሊካዊ ነበርና፥ በባዕድ ምድር እንዴት እንዘምራለን የሚለው ቃል በገዛ አገሩ ተፈጸመበት። እርሱም በ1584 የመዝሙሩን ተከታይ ቍጥሮች በ8 ድምፅ አዚሞ መልሶ ላከ፤ መሐላውን ይዞ እስከ ኤዶምያስ መታሰቢያ ደረሰ። ሁለቱ ሰዎች መዝሙሩን እንደ ደብዳቤ ተላላኩበት፤ የመጨረሻውን ቃል ግን አንዳቸውም አላዜሙትም።

የኢጣሊያው ቬርዲ በ1842 በሚላኖ ከተማ ናቡኮ የተባለውን ኦፔራ ባሳየ ጊዜ፥ ሶሌራ የጻፈው የምርኮኞቹ ኅብረ ዜማ ከዚህ መዝሙር የተቀዳ ነበር። ሕዝቡ ይህን ዜማ እጅግ ወደደው፤ በ1901 የቬርዲ ዐፅም ወደ መጨረሻ ማረፊያው ሲሸኝም ብዙ ዘማሪዎች በአንድነት ዘመሩት። ነገር ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በቴአትሩ ውስጥ ልቅሶው እንዳለቀ ካህኑ ዘካርያስ ተነሥቶ ስለ ማልቀሳቸው ይገሥጻቸዋል፥ የባቢሎንንም ጥፋት ይተነብያል። ስለዚህ ባለ ቅኔው ፍርዱን አልጣለውም፤ ከሕዝቡ አፍ አንሥቶ በካህኑ አፍ አኖረው እንጂ። ሕዝቡ ግን ልቅሶውን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ፥ ትንቢቱን በአዳራሹ ተወው።

ፍሬድሪክ ዳግላስ ከባርነት ያመለጠ ሰው ነበር። በ1852 በአሜሪካ አገር በሮቸስተር ከተማ ስለ ነጻነት በዓል እንዲናገር በጠሩት ጊዜ፥ ከዚህ መዝሙር እስከ 6ኛው ቍጥር ያለውን አነበበላቸው። ይህም ማለት በባርነት ያለ ወገን ሳላችሁ የነጻነትን ደስታ ንገረን ማለታችሁ የባቢሎን ሰዎች ዘምሩልን እንዳሉት ነው ማለት ነው። እርሱም ፍርዱን አላነበበም፤ ነገር ግን መጽሐፉን የሚያውቁ ሰሚዎች ከ6ኛው በኋላ 7ኛው እንዳለ ያውቃሉና፥ ዝምታው ራሱ አስፈሪ ነበር። እንዲህ ያለው መቍረጥ ሥጋን እንደሚቈርጥ ሳይሆን ሰይፍን በአፎቱ እንደሚያኖር ነው።

በ1970 በጃማይካ ደሴት ሜሎዲያንስ የተባሉ ዘማሪዎች የባቢሎን ወንዞች የሚባለውን ዘፈን አወጡ። እነርሱ በራስ ተፈሪያውያን እምነት ዘመሩት፤ ባቢሎን የሚሏት የጨቋኞችን ሥርዓት ነው፥ ጽዮን የሚሏትም አገራችንን ኢትዮጵያን ነው። ንጉሠ ነገሥቱን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን አምላክ ማለታቸውን ቤተ ክርስቲያናችን አትቀበልም፤ ናፍቆታቸውን ግን ልናቃልለው አይገባም፥ አባቶቻቸው በእውነት ተማርከው በባሕር የተጋዙ ናቸውና። በ1978 ቦኒ ኤም የተባሉ ሌሎች ዘፋኞች ያንኑ ዘፈን ስለ ንጉሡ የሚናገረውን ቃል ለውጠው በኤውሮጳ ዘፈኑት፤ ሕዝቡም ጨፈረበት። ምርኮኞቹ ዘምሩልን በተባሉ ጊዜ እንቢ ያሉበት መዝሙር እነሆ የጭፈራ ዘፈን ሆነ። ልቅሶው ከመሐላውና ከፍርዱ ሲለይ ፍጻሜው ይህ ነው፤ ባቢሎን የለመነችውን ዜማ አገኘች።

መቍረጡ በዘፋኞች ብቻ ያለ አይደለም፤ በጸሎት ቤትም አለ። እንግሊዛዊው አይዛክ ዋትስ በ1719 መዝሙራትን በቅኔ ሲያወጣ ይህን ጨርሶ ተወው፤ ጆን ዌስሊም በ1784 ለአሜሪካ ምእመናን ባዘጋጀው የጸሎት መጽሐፍ አላገባውም። የሮም ቤተ ክርስቲያን በ1971 ባወጣችው የሰዓታት ጸሎት መዝሙሩን አስቀርታ ከ7 እስከ 9 ያለውን አወጣች። ምክንያታቸው ክፉ አይደለም፤ ጠላታችሁን ውደዱ የሚል ጌታ ያለው ሰው የሕፃናትን መፈጥፈጥ እንዴት በአፉ ያነሣል ብለው ነው። ይህ ጥያቄ በቍጣ የሚመለስ አይደለም፥ መልስ ይገባዋል።

ያልቈረጡትን እንይ። አይሁድ በሥራ ቀን ከማዕድ በኋላ ከሚያደርሱት ምስጋና አስቀድመው ይህን መዝሙር ያነባሉ፤ በሰርጋቸውም ቀን መስታወት ይሰብራሉ፥ ኢየሩሳሌምን ከደስታ ሁሉ በላይ ለማሰብ የተማለውን በሥራ ሲፈጽሙ። ግሪኮች ከዐቢይ ጾም አስቀድመው ባሉ ሦስት እሑዶች በሌሊት ጸሎት ይዘምሩታል፤ የመጀመሪያውም እሑድ ወደ ሩቅ አገር የሄደው የጠፋው ልጅ የሚታሰብበት ነው። ስለምን ቢሉ፥ ጾም የሚጀምር ሰው በባዕድ አገር መኖሩን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋልና። በእኛም ዘንድ ዳዊት በሳምንቱ ቀኖች ተከፍሎ ሲጸለይ ከ131 እስከ 150 ያለው ለቅዳሜ ነው፥ ይህም መዝሙር ሙሉውን ይደርሳል። ከበሮና ጸናጽል በዐቢይ ጾም ዝም ማለታቸውም በአኻያ ዛፍ የተሰቀለውን የዜማ ዕቃ ያሳስበናል፤ ዕቃን መስቀልም ራሱ ምስጋና የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ስለ ዓለቱና ስለ ሕፃናቱ አባቶች ሁለት መንገድ አላቸው። ዮሐንስ አፈ ወርቅ እንዲህ ይላል፤ ነቢዩ የራሱን ፈቃድ ሳይሆን የምርኮኞቹን ኅዘንና ቍጣ ነው የሚናገር። አንድም፥ አውግስጢኖስና ጄሮም እንደ ተረጐሙት፥ ባቢሎን የኃጢአት ከተማ ናት፤ ሕፃናቶቿም ገና የተወለዱ ክፉ አሳቦች ናቸው፤ ዓለቱም ክርስቶስ ነው። ክፉ አሳብ ጐልምሶ ሳያሸንፍህ በሕፃንነቱ ከክርስቶስ ጋር አጋጨው ማለት ነው።

ሁለተኛው ትርጓሜ ለጸሎት ይበልጣል፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን የሚያስረሳ እንደ ሆነ እርሱም ሌላ መቍረጥ ነው። የተፈጠፈጡ ሕፃናት በእውነት ነበሩ፤ መዝሙሩ እንዳደረገች ይደረግባት የሚለው ስለዚህ ነው። ደግሞም ይህን ያስተውሏል፤ ምርኮኞቹ በቀሉን ለእግዚአብሔር ነገሩት እንጂ በእጃቸው ድንጋይ አላነሡም። እግዚአብሔርም በራሱ መንገድ መለሰ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ539 ዓመት ቂሮስ ባቢሎንን ያዘ፥ ምርኮኞቹንም ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ፈቀደ። ቍጣውን ከጸሎት የሚያወጣ ሰው ቍጣውን የሚያጠፋው ይመስለዋል፤ ነገር ግን በእግዚአብሔር ፊት ያልፈሰሰ ቍጣ በጎረቤት ላይ ይፈሳል።

ስለዚህ ካህናት ሆይ፥ መዝሙሩ ሙሉውን ይነበብ፤ ትርጓሜውም ከንባቡ አይለይ። እኛ በአፋችን አልቈረጥነውም፤ ፈጥነን በማለፋችን ግን በልባችን እንቈርጠዋለን፥ እርሱም ከዋትስና ከዌስሊ መቍረጥ አይሻልም። መኳንንት ሆይ፥ ይህን መዝሙር ስትደግሙ ሁልጊዜ በምርኮኛው ስፍራ አትቀመጡ። ኤዶምያስ ባዕድ አልነበረም፥ የያዕቆብ ወንድም የዔሳው ልጅ ነበር፤ የተከሰሰውም በወንድሙ ጥፋት ቀን ቆሞ አፍርሱ በማለቱ ነው። በእጃችሁ ሥር ያለ ድሀ ይህን መዝሙር በሚደግምበት ሌሊት፥ ኤዶምያስ ብሎ የሚያስበው ማንን እንደ ሆነ ጠይቁ። ልቅሶውን ብቻ የሚዘምር ሰው ይህን ጥያቄ ከቶ አይሰማውም፤ ሙሉውን የሚጸልይ ግን ከፍርዱ በፊት ንስሐ ለመግባት ጊዜ ያገኛል።

በባዕድ አገር ላሉት ሁሉ አገራቸውን የሚያሳስብ፥ ቍጣንም በፊቱ የሚቀበል አምላክ ይመስገን፤ ለዘላለሙ፤ አሜን።