ከውሻው እስከ አዋጁ

ቀይ ቀበሮን ልጠብቅ ብሎ ባሌ ተራሮች የወጣ ወጣት ባለሙያ ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ከእረኛ ውሻ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ሲሆኑ፣ ከግማሽ በላይ የሚኖሩት ባሌ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ከመንደር ውሾች እየተዛመተ ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌው ወብ ሸለቆ ከነበሩት ሦስት አራተኛ ያህሉ አልቀዋል። ስለዚህ በአፋን ኦሮሞ ተግባብቶ ባለውሻው እንስሳውን እንዲያስከትብ ማሳመን ከዲግሪው እኩል ያስፈልጋል።

የውሻ ክትባት ብቻውን አልበቃም። በዚያው ወረርሽኝ ቀበሮዎቹ እየተጠመዱ በመርፌ ተከተቡ፤ ይህም የመንግሥት ፈቃድ የሚጠይቅ ነበር። ኋላ የአፍ ክትባት ተሞከረ። ፈሳሹን የያዘው ትንሽ ከረጢት በፍየል ሥጋ ውስጥ ይደበቅና ማታ ማታ በቀበሮዎቹ መንጋ ክልል ይታደላል፤ ቀበሮው ሲነክሰው ከረጢቱ ይፈነዳል፣ ክትባቱም አፉን ያርሳል። መደበኛው ዘመቻ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ከመርፌው እስከ ሥጋው 15 ዓመት ፈጀ።

የወረቀቱ ሥራም እንዲሁ ትዕግሥት ይፈትናል። የባሌ ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1970 ተመሥርቶ ወሰኑ በሕግ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው።

ሕግ ግን ሁልጊዜ አያድንም። ሌላው የቀይ ቀበሮ መኖሪያ በሆነው መንዝ ጓሳ ነዋሪው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሣር የሚታጨድበትንና ከብት የሚገባበትን ጊዜ በራሱ ሥርዓት ሲወስን ኖሯል። ለቤት ክዳን የሚሆነው የጓሳ ሣር ተከብሮ ሲያድግ፣ ቀይ ቀበሮውም አይጡን እያደነ አብሮ ሰነበተ። በ1967 ዓ.ም የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የርስት ሥርዓቱን ሲያፈርስ፣ በእርሱ ላይ የቆመው የጥበቃ ልማድም ተዳከመ። አዋጁ የወጣው ለአራሹ መሬት ለመስጠት እንጂ ቀበሮ ለመጉዳት አልነበረም። ጉዳቱ ግን ደረሰ። ኋላ ጥበቃውን በኮሚቴ አደራጅቶ ያስቀጠለው ራሱ ማኅበረሰቡ ነው።

ከባሌም ከመንዝም የሚታየው፣ የእንስሳቱ ዕጣ ስለ እንስሳት በማይናገሩ ሰነዶችም እንደሚወሰን ነው። የመሬት፣ የመንገድ ወይም የግጦሽ ረቂቅ ለውይይት ሲቀርብ እንስሳቱን የሚያውቅ ሰው ከጠረጴዛው ዙሪያ መጥፋት የለበትም። በዚህ ሙያ መሰንበት የምትፈልጉ ተማሪዎች የዱር እንስሳት አዋጁን ከመስክ መጽሐፋችሁ ጋር ያዙ፤ ቀጥሎም የመሬቱን ሕግ አንብቡ።